ቱምቢና የመሃሉ ቅስት

ቱምቢ የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው። ቱምቢ ማለት ግንብ መዝመም አለመዝመሙን ለማየት በሲባጎ የሚንጠለጠለው ብረት ነው፤ ሰውየውም እንደዚያው ነበር፤ ቀጥ ያለ፣ ከባድ፣ አንዴ ከቆመበት ንቅንቅ የማይል። ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ሳቂታና አፈ ጮሌ ነበር። ቅስት መገንባት የተማሩት ሁለቱም ከአባታቸው ነው። አባትየው ሲሞት በከተማው ያንን ሥራ የሚያውቅ ከእነሱ ሌላ አልቀረም።

ቱምቢ እጮኛ ነበረችው። ለጎጆ መውጫ የሚሆን ነገር ልያዝ ብሎ ራቅ ያለ የድንጋይ ካባ ሄደና ሁለት ክረምት ሠራ። መልእክቱን ለልጅቷ የሚያደርስለት ታናሹ ነበር። ሲመለስ መልእክተኛው ባል ሆኖ ጠበቀው።

አልጮኸም፤ አልተማታም። ወንድሙን ማነጋገር ብቻ ተወ። እናታቸው መሃል ገብታ ተጨነቀች።

"እኔ አፈር ሳልገባ ታረቁልኝ" ስትለው፣

"እማዬ፣ ሌላ ወሬ አምጪ" ይላታል።

በአምስተኛው ዓመት ጎርፉ መጣ።

የከተማው ድልድይ ባለ አምስት ቅስት የድንጋይ ድልድይ ነው። እግሮቹ ጎርፉን ለሁለት ሰንጥቀው እንዲያሳልፉ፣ ውሃው በሚመጣበት በኩል እንደ ጀልባ አፍንጫ ሾጠጥ ተደርገዋል። ከየእግሩ በላይ ጋሪ ሲመጣ እግረኛ ገለል የሚልበት ጥግ አለ። ማን እንዳሠራው በውል የሚያውቅ የለም። የሚታወቀው፣ ድልድዩ ሲያልቅ ወንዙን መሻገር ቢቻልም ድልድዩ ጋ መድረስ አለመቻሉ ነው፤ ዙሪያው ረግረግ ነበራ! ሰው በጭቃ እየዳከረ ሲወጣበት ኖሮ፣ ከአንድ ትውልድ በኋላ በረግረጉ ላይ ከፍ ያለ የድንጋይ መንገድ ተዘረጋ። በሥሩም ውሃ የሚያሳልፉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ተተዉለት። እነሱን የሚጠርግ ጠፍቶ በደለል ተደፈኑ። በዚያ ክረምት መውጫ ያጣው ጎርፍ በሙሉ ድልድዩ ላይ ተረባረበና የመሃሉን ቅስት ይዞት ሄደ።

ማዘጋጃ ቤቱ ሁለቱን ወንድማማቾች ጠራ።

ቅስት አንድ ሰው አይገነባውም። ከሥር በቆመው የእንጨት ደጋፊ ላይ አንዱ ከግራ፣ ሌላው ከቀኝ እኩል እየደረደሩ መጥተው መሃል ላይ ይገናኛሉ። አንደኛው ከቀደመ ክብደቱ ደጋፊውን ያጋድለዋል። ስለዚህ መነጋገር ግድ ሆነ። "ሳብ።" "ልቀቅ።" "በቃ።" ከዚህ ያለፈ ቃል ከቱምቢ አፍ አልወጣም።

"እናንተ ሰዎች፣ ቃል በችርቻሮ ነው እንዴ የምትገዙት?" ይላል የሥራው አለቃ።

ምሳ የምታመጣው የታናሹ ሚስት ነበረች፤ ለሁለቱም፣ በሁለት ሳህን። የቱምቢ ሳህን እንደተከደነ ይመለሳል። ቀና ብሎ አያያትም፤ ኮቴዋን ግን ከሩቅ ይለየዋል።

ቅስቱን የሚዘጋው የመጨረሻ ድንጋይ የገባ ዕለት ፊት ለፊት ሆነው በመዶሻ ተራ በተራ እየመቱ አስገቡት። ላባቸው አንድ ድንጋይ ላይ ይንጠባጠባል። ታናሹ መዶሻውን አስቀመጠና፣

"አባዬ ቢያየው ምን ይል ነበር?" አለው ቀስ ብሎ።

ቱምቢ መገጣጠሚያውን በጣቱ ዳሰሰ።

"ሽብልቅ አቀብለኝ" አለ።

በምረቃው ቀን ከንቲባው "ይህ ቅስት የወንድማማቾች ፍቅር ፍሬ ነው" ሲሉ ሕዝቡ አጨበጨበ። ከሠራተኞቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ታናሹ፣ ቱምቢ የድንጋዮቹን መገጣጠሚያ በኖራ ወደሚሞላበት መጣ።

"ጋሼ፣ ሌላ አገር ሥራ አግኝቻለሁ። ነገ ጠቅልለን መሄዳችን ነው። እማዬም አብራን ትሄዳለች።" ጠበቀ። "አንድ ነገር በለኝ እንጂ።"

"ኖራው አልደረቀም፤ አትርገጠው።"

በማግስቱ ጋሪያቸው በድንጋዩ መንገድ ላይ እየራቀ ሲሄድ ቱምቢ ድልድዩ ላይ ቆሞ አየ። እናቱ ደጋግማ ዞረች። እጁን ሊያነሳ አሰበ፤ አላነሳም።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ታናሹ ከግንብ መወጣጫ ላይ ወድቆ መሞቱን ሰማ። ወዲያው ተነሳ፤ ሲደርስ ግን ቀብሩ አልፏል። ዓይኗ የጠፋው እናቱ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። እጇን ያዘ።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ።"

ድምፁን ለየችው። "መናገር ትችላለህ ለካ" አለችና እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

የወንድሙ ሚስት ውሃ አስቀመጠችለት፤ "ጠጣ" እንኳ አላለችውም። ወጣና ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ፣ ከማያውቃቸው ለቀስተኞች መሃል ተቀመጠ። ከጎኑ ያሉ ሽማግሌ ዞር ብለው፣

"ለሟቹ ምኑ ነህ ልጄ?" አሉት።

ቱምቢ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። "አብረን ሠርተናል፤ ድልድይ።"

"ወይ አንተ! እሱን ድልድይ መቼ ከአፉ ይለየው ነበር! 'ከወንድሜ ጋር የሠራነው' እያለ ስንቴ አውርቶልናል።" ሽማግሌው በለቀስተኛው መሃል ዓይናቸውን አዟዟሩ። "ወንድምየው ግን የመጣ አይመስለኝም።"

"አልመጣም" አላቸው ቱምቢ።