አባቴ የሚናገሩበት ኪቦርድ

በዚያ ሳምንት ያንን ላፕቶፕ በመስኮት አውጥቼ አስፋልቱ ላይ ብወረውረው ደስታዬ ነበር። ያልወረወርኩት የአባቴ አፍ ስለሆነ ብቻ ነው።

አባቴ ዲማ አካባቢ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ደም ግፊት አንድ ቀን ድንገት ጣላቸውና ቀኝ እጃቸውንም ንግግራቸውንም ይዞባቸው ሄደ። እኛ ወዳለንበት ወደ ደብረ ማርቆስ አመጣናቸው። አእምሯቸው እንደ ድሮው ነው፤ ሁሉን ይሰማሉ፣ ሁሉን ያስታውሳሉ። ከአፋቸው የሚወጣው ግን «እ... እ...» ብቻ ሆነ። በግራ እጃቸው እስክሪብቶ ልናስይዝ ሞከርን፣ ወረቀቱን ቀደዱት። ስልክ ሰጠናቸው፣ ጣታቸው ስለሚንቀጠቀጥ አንዱን ፊደል ሲሉ ጎረቤቶቹን ሁሉ ይነካሉ። በመጨረሻ ኮሌጅ ሳለሁ የተማርኩበትን አሮጌ ላፕቶፕ ከቁም ሳጥን አናት አወረድኩ። የራሱ ኪቦርድ ሻይ ፈስሶበት ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ ከውጭ የሚሰካ፣ ቁልፎቹ ትልልቅ የሆኑ ኪቦርድ ፈልጌ በየቁልፉ ላይ ፊደል ጽፌ በፕላስተር ለጠፍኩበት።

አባቴ በግራ ሌባ ጣታቸው ፊደሉን እየለቀሙ መጀመሪያ የጻፉት ነገር «ሽሮው ጨው በዝቶበታል» የሚል ነበር። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ሳነብላት አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ፣ «ታዲያ እስከ ዛሬ ዝም ብሎ የበላው ለምንድን ነው?» ብላ ተቆጣች።

ችግሩ ማሽኑ ማርጀቱ ነው። ባትሪው አይሠራም፣ መብራት በሄደ ቁጥር ድርግም ይላል። መብራት ሲመጣ ደግሞ ለመነሳት የሚፈጅበት ጊዜ ሰው ያስረጃል። አባቴ አንድ ነገር ለማለት ፊቱ ይቀመጣሉ፤ ስክሪኑ ላይ ያ ክብ ነገር ሲዞር፣ ሲዞር፣ ሲዞር ይሰለቹና ተነስተው ደጅ ይወጣሉ። ሊሉት የነበረው ነገር ምን እንደነበር አናውቅም። ለእኔ ከሕመማቸው ይልቅ ይሄ ያንገበግበኝ ነበር።

ስለዚህ ከርነሉን በራሴ ልሠራው ተነሳሁ። ከርነል የሚባለው ኮምፒውተር ሲበራ ቀድሞ የሚነቃው የሥርዓቱ እምብርት ነው፤ ዲስኩን፣ ስክሪኑን፣ ኪቦርዱን ከማሽኑ ጋር የሚያስተዋውቀው እሱ ነው። ተዘጋጅቶ የሚመጣው ከርነል ዓለም ላይ ላለ ዕቃ ሁሉ እንዲሆን የተሠራ ስለሆነ ይከብዳል። እኔ የፈለግኩት የእኛን ላፕቶፕ ብቻ የሚያውቅ፣ ቀለል ያለ ከርነል ነው። ለዚህ የሚሆን ትእዛዝም አለ። ትእዛዙ በዚያች ሰዓት ማሽኑ ላይ ተሰክቶ በሥራ ላይ ያለውን ሁሉ ይመዘግብና የቀረውን ይጥላል።

የቸኮልኩበት ምክንያት ነበረኝ። እህቴን ሊጠይቁ ሽማግሎች ከሉማሜ መጥተው፣ እንደ ወጉ ዘር ይቆጠር ተብሎ ቀጠሮ ተሰጥቷቸው ሄደዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መልሳቸውን ሊሰሙ ይመጣሉ። መልስ የሚሰጠው የልጅቷ አባት ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም ግን ነገሩን አቅልለውት ነበር። «እኔ እናገርለታለሁ፣ እሱ ራሱን ይነቀንቃል፤ ምን ቸገረ?» አሉ። አባቴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ቀላ። ኪቦርዱን ወደ ራሳቸው ስበው «መልሱን የምሰጠው እኔ ነኝ» ብለው ጻፉ። አጎቴ ሳቁና፣ «እንዴታ፣ አንተ ነህ እንጂ!» አሉ፤ እንዳልሰሟቸው ግን ያስታውቅ ነበር።

ሥራውን የጀመርኩት የወሩ ሚካኤል ዕለት ነው። በእናቴ ቤት በሚካኤል ሥራ አይሠራም። ለእሷ ኮምፒውተርም ሞፈርም አንድ ናቸው። አባቴን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዷ በፊት ኪቦርዱን ከነገመዱ ነቅላ ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። «ዛሬ ጣትህም ይረፍ» ብላኝ ወጣች።

እኔ ምን ገዶኝ! በስልኬ ከላፕቶፑ ጋር ተገናኝቼ፣ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ትእዛዙን ሰጠሁት። የሚሠራው ማሽኑ ነው፤ ማሽን ደግሞ ክርስትና አልተነሳም። ከርነሉ የሚቀመጥበት ቦታ ጠባብ ስለነበር አሮጌውን አጥፍቼ አዲሱን ተካሁበት። እነሱ ከቅዳሴ ሲመለሱ ሁሉም አልቆ ነበር።

አጥፍቼ ሳበራው ስክሪኑ በነጭ ጽሑፍ ተሞላና ደርቆ ቀረ። ዲስኩን አላገኘሁም ይላል። ዲስኩ ሆዱ ውስጥ ተቀምጦ እያለ! ከከርነሉ ጋር መዘጋጀት የነበረበትን የማስነሻ ፋይል ረስቼው ኖሯል። አሮጌውን ከርነል አጥፍቼዋለሁ፣ አዲስ ከኢንተርኔት እንዳላወርድ ኔትወርክ የለም። መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈት ሥራ ያለው ጓደኛዬ የማዳኛ ፍላሽ ነበረው። እናቴ ኪቦርዱን ከሳጥኗ አውጥታ ስትመልስልኝ በእሱ አስነስቼ፣ የአማርኛ ፊደል የማያሳይ ጥቁር መስኮት ላይ በላቲን ቁልፎች እየታገልኩ ፋይሉን አዘጋጀሁ። መሀል ላይ መብራት ሄደ። ሲመጣ እንደገና ከሀ ጀመርኩ። እንደገና ሄደ። እናቴ «እራት ቀርቧል» ብላ ስትጠራኝ የመለስኩላት መልስ አሁንም ሲታወሰኝ ያሳፍረኛል።

በመጨረሻ ተነሳ። ለዚያውም እንዴት ብሎ ተነሳ! ቁልፉን ከመጫኔ መጻፊያው ገጽ ወለል ብሎ ተከፈተ። «አባባ፣ ይምጡ እስቲ» አልኩ በኩራት። መጥተው ተቀመጡ። ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አድርገው ተጫኑ። ምንም የለም። ሌላ ቁልፍ ተጫኑ። አሁንም ምንም። ቀና ብለው አዩኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ያዩኝ ግን ቅኔው አልሞላ ያለውን ተማሪ ሲታገሡ በሚያዩት አስተያየት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳስበው ራሴን ያመኛል። ኪቦርዱ እንዳልተበላሸ አውቃለሁ፣ በፍላሹ ሲነሳ ይሠራ ነበርና። ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ ላይ የኪቦርዱ መብራት ቦግ ይላል፤ የእኔ ከርነል ሲነቃ ጥፍት ይላል። ገመዱን በአንዱ ቀዳዳ ሰካሁ፣ በሌላው ሰካሁ። ኃይል ቆጣቢውን ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ከጓደኛዬ ሌላ ኪቦርድ ተዋስኩ፤ እሱም ዝም። ከርነሉ ኪቦርዱን ጥሎት ይሆን የሚለው ሐሳብ መጥቶልኝ ነበር፤ ግን በዚያች ሰዓት በሥራ ላይ ያለውን ሁሉ ያዝ ብዬዋለሁ፣ ኪቦርዱ ደግሞ በየቀኑ በሥራ ላይ ነው። እንዴት ይጥለዋል? ስለዚህ ያንን ሳልመለከተው አለፍኩ። አንድ ጊዜ ጠረጴዛውን በቡጢ መትቼ እጄ አበጠ።

በዚህ መሀል ቤቱ አባቴን መተርጎም ጀመረ። አርብ ዕለት አጎቴ ከዲማ መጥተው ጎናቸው ተቀመጡ። አባቴ ትንሽ ሲንቀሳቀሱ፣ «ፀሐይ ላይ አውጡኝ ነው የሚለው» ይላሉ። እናወጣቸዋለን። ሲያጉረመርሙ፣ «ውኃ ጠምቶታል» ትላለች እናቴ። እኔም አልቀረሁ፤ «ስለ ኪቦርዱ ነው፣ አይዞዎት፣ ይደርሳል» እላለሁ። ጨርሶ ስለ ሌላ ነገር ይሆናል እኮ። አባቴ መጀመሪያ ራሳቸውን በእምቢታ ይወዘውዙ ነበር፣ በኋላ ግን ተዉት። ውኃውን ሲሰጧቸው ይጠጣሉ።

እህቴ የመምህርነት ትምህርቷ የመጨረሻ ዓመት ላይ ናት፤ ለዚሁ ለሽማግሎቹ ተብሎ ተጠርታ መጥታለች። እሷም መጥታ አጠገባቸው ቁጭ አለች። በሹክሹክታ አንድ ነገር ነገረቻቸው። አባቴ ግራ እጃቸውን ወደ ኪቦርዱ ሰደዱና መለሱት። «መቼ ነው የሚሠራው?» አለችኝ። «ስለጠየቃችሁኝ አይፈጥንም! ተዪኝ!» ብዬ ጮህኩባት። ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች።

አርብ ማታ እናቴ ሳጥኗን ከፍታ ነጠላ ስታወጣ ድንገት ቆም አለች። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር እኮ የታመመው እዚህ ከቆለፍኩበት ቀን ጀምሮ ነው» አለች።

ልጮህ አፌን ከፍቼ፣ እንደተከፈተ ቀረ። ሳጥን ውስጥ ነበራ! ትእዛዙ በሥራ ላይ ያለውን ዕቃ ሲመዘግብ፣ ኪቦርዱ የእናቴ የክት ልብስ መሀል ተኝቶ ነበር። ከርነሉ ኪቦርድ የሚባል ነገር ሳያይ ነው የተሠራው። ስለማያውቀውም ሲያገኘው መብራቱን አጥፍቶ ያልፈዋል። በአገሩ ሁሉ ከርነል የሚሠራ ሰው ቢሰበሰብ፣ ኪቦርዱ በሚካኤል ምክንያት የተቆለፈበት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

«ሚካኤል ነው የቀጣህ» አለች እናቴ፣ ነገሩን ሳስረዳት።

«ሚካኤል ስለ ኪቦርድ ምን ያውቃል?» አልኩና ወዲያው አፌን ያዝኩ። አማተበች። የሚያናድደው ነገር፣ ያለችኝን ሰምቼ ጋደም ብዬ በዓሉን ባከብር ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። የነቀለችው እሷ ራሷ ናት ብዬ እንዳልከራከር ደግሞ፣ የቆለፈችው እንዳልሠራ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፑን በጓደኛዬ ፍላሽ አስነስቼ፣ ኪቦርዱ ተሰክቶ፣ ዝርዝሩን እንደገና አስመዝግቤ ሥራውን ላስጀምር ስል እናቴ፣ «ሰንበት...» ብላ ጀመረች። አባቴ ግራ እጃቸውን ወደ እሷ አንስተው አስቆሟትና በጣታቸው ላፕቶፑን አመለከቱኝ።

ያ አሮጌ ማሽን ከርነል ሲሠራ እንደ ወፍጮ እየጮኸ ነው። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። በሄደ ቁጥር ሁሉንም ሰው እረግማለሁ፣ መብራት ኃይልን፣ ላፕቶፑን፣ ራሴን። እሑድ ሽማግሎቹ ነጫጭ ጋቢያቸውን ለብሰው በር ላይ ሲደርሱ ሥራው ገና መገባደዱ ነበር። አጎቴ ተቀበሏቸው። ተቀመጡ፣ ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ስለ ዘንድሮው ዝናብ ተወያዩ። እኔ ጥግ ላይ አቀርቅሬ የማስነሻ ፋይሉን እያዘጋጀሁ፣ በልቤ «ዝናቡን አራዝሙት፣ ስለ ጤፍም አውሩ» እላለሁ።

አጥፍቼ አበራሁት። የኪቦርዱ መብራት ቦግ አለ። ከርነሉ ነቃ። መብራቱ አልጠፋም። ላፕቶፑን አባቴ ፊት ያለው ጠረጴዛ ላይ አደረግኩት።

አጎቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «እንግዲህ ወንድሜ እንደምታዩት ታሟል። ቃሉን እኔ አደርሳለሁ። ቤተሰቡም ተማክሯል፣ ዘሩም ተቆጥሯል፣ በእኛ በኩል...» ብለው ሲጀምሩ፣ አባቴ በግራ መዳፋቸው ጠረጴዛውን መቱት። ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ።

ከዚያ መጻፍ ጀመሩ። ቁልፉ ቀጭ ይላል፣ ጣታቸው ትንሽ ይፈልጋል፣ እንደገና ቀጭ ይላል። አንዱ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አባቴ አልቸኮሉም። ሲጨርሱ እኔን ተመለከቱ፣ እኔም ጮክ ብዬ አነበብኩት፦

«ልጄ መናገር ትችላለች። እሷን ጠይቋት።»

ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ ያለ መልስ የሚጠብቅ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ። ሳምንቱን ሙሉ አባቴ «እሺ» ይሉ ዘንድ ነበር የታገልኩት።

«ኪቦርዱ ነው!» አሉ አጎቴ ፈጥነው፣ ለእንግዶቹ ፈገግ እያሉ። «ሰሞኑን ሲበላሽ ነው የሰነበተው። ያሰበውን አላስጽፍ ብሎት ነው።»

«ኪቦርዱ ደህና ነው፣ ጋሼ» አልኩ።

አባቴ እንደገና ጣታቸውን አነሱ። «ጥሩልኝ» ብለው ጻፉ። እሱንም አነበብኩት። እናቴ አንዴ አባቴን፣ አንዴ አጎቴን አየችና ተነስታ የጓዳውን መጋረጃ ገለጠች። እህቴ እዚያው ከመጋረጃው ኋላ ቆማ ነበር። ገብታ ለሽማግሎቹ እጅ ነሳች፣ ፊቷን ግን ወደ አባቴ መለሰች።

«ትምህርቴን ሳልጨርስ አላገባም፣ አባባ» አለች። ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን ሁላችንም ሰማናት።