ለእኔ የተቀመጠው ጆንያ

አባቴ በሕይወታቸው የሆድ ቆሻሻን ያህል የፈሩት ነገር አልነበረም። በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣሉ። ማታውን ጦማቸውን ያድሩና ጎህ ሲቀድ የተወቀጠውን በውኃ በጥብጠው ግጥም ያደርጉታል፤ ከዚያ እስኪሽራቸው ድረስ ማንም አጠገባቸው ዝር አይልም። ዘመኑ ስብሰባ የበዛበት ነበርና የቀበሌው ሊቀመንበር ሰው ሲልክባቸው «ኮሶ ጠጥቻለሁ በሉት» ይሉ ነበር፤ ለዚህ ሰበብ ሊቀመንበሩም መልስ የለውም። ኮሶው ካለፈ ፌጦ በሎሚ ይከተላል፣ ፌጦው ሲበቃ ተልባ። ደም ያጠራል፣ አንጀት ያጥባል ይሉናል።

እኔ ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ነበርኩ። እሳቸው ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ያርሳሉ፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ አብረዋቸው የሚኖሩት ታናሽ ወንድሜና ሚስቱ ናቸው። ሊጠይቁኝ ሲመጡ ስንቃቸውን ይዘው ነው። የከተማ ዘይት መርዝ ነው፣ ስኳር መርዝ ነው፣ ለስላሳ የሚሉት ነገርማ ስሙም አይነሳ። ሰው ልጁ ቤት ገብቶ እንዲህ ያደርጋል? የሠራሁትን ወጥ ገፋ አድርገው ከአገልግላቸው ድርቆሽ ሲያወጡ ጎረቤት እንዳያይብኝ በሬን እዘጋ ነበር።

ታዲያ እኒሁ ሰው ጥር ላይ በቆሎው ተፈልፍሎ ጎተራ ሊገባ ሲል ቡሬ ገበያ ወጥተው የነቀዝ መድኃኒት ይገዛሉ። ነጭ ዱቄት ነው፤ ሻጩ ከጆንያ እየዘገነ በፌስታል ቋጥሮ ይሰጣል፣ ምን እንደሚባል እሱም አያውቅ። አባቴ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሁለት እጃቸውን ያስገቡና እህሉን ከዱቄቱ ጋር ያሹታል። በአካፋ ይሁን ቢሏቸው አይሆንም፤ መዳፍ ያልዳሰሰው እህል ላይ መድኃኒቱ አይደርስም ብለው ያምናሉ። መንደሩ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ጥር ላይ ክንዱ ነጭ ያልሆነ ገበሬ ለጎተራው የማያስብ ሰነፍ ነው ይባል ነበር።

የዚያን ለት ማታ ራሳቸውን ያማቸዋል። ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ምራቃቸው ይዝረበረባል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እሳቸው ግን ምክንያቱን ያውቁታል፤ ውስጤ ቆሽሿል ይላሉ። ስለዚህ ኮሶ። በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ላይ ኮሶ። አንድ ዓመት እንዲሁ ጠጥተው ደጃፍ ላይ ወድቀው ተገኙና ወንድሜ በስንት መከራ መኪና አሳፍሮ አመጣልኝ፤ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ሐኪሙ ምን እንደነኩ ጠየቀ። ስንነግረው ዱቄቱ በቆዳም በትንፋሽም እንደሚገባ፣ ኮሶ እንደማያወጣው፣ እንዲያውም የደከመ ሰው በኮሶው ሊሞት እንደሚችል አስረዳን። አባቴ «እሺ ጌታዬ፣ እሺ» እያሉ በትሕትና ሰሙት። ከግቢው ሳንወጣ ግን ያ ለነቀዝ የተሠራ ነው፣ ነቀዝና ሰው አንድ ነው ወይ አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሳስበው አሁንም ይደክመኛል። ቅዳሜ ሲሆን ሚኒባስ ውስጥ ተጠቅጥቄ ቡሬ እደርሳለሁ፣ ከቡሬ በእግሬ ወደ መንደር። ገና ሳልቀመጥ ልመናዬን እጀምራለሁ። የላስቲክ ጓንት ገዝቼ ወሰድኩላቸው፤ ማር ሊቆርጡበት አስቀመጡት። ብለምን ብቆጣ ጆሮ ዳባ ልበስ። ልቤ ውልቅ አለ። ክፍል ሙሉ ልጅ በአንድ ቃል ዝም የማሰኝ ሴትዮ የአንድ ሽማግሌን እጅ ከመርዝ ማውጣት አቃተኝ። ጥር በመጣ ቁጥር ዘንድሮ ይሞቱብኛል እያልኩ እህል አይወርድልኝም ነበር።

ልጄ ተወልዳ ምግብ ስትጀምር አባቴ ከበቆሎው አንድ ጆንያ ይልኩልን ጀመር። የከተማ እህል አይታመንም፣ የቤታችሁን ብሉ ነው ነገሩ። የእኔ ጆንያ ከአውድማው ተለይቶ ለብቻው ስለሚቀመጥ ዱቄቱ አይነካውም ብዬ ነበር። የልጄን ገንፎ ከእሱ አገነፋለሁ። አንድ ቀን የቀረውን ልለቅም ጆንያውን ወደ ሰፌድ ስገለብጠው ከሥሩ ነጭ ዱቄት ተንዶ ወረደ፣ ያ የማውቀው ሽታ ቤቱን ሞላው። በማግስቱ ልጄን አዝዬ መንደር ገባሁ።

አባቴ ነገሩን ስነግራቸው አልደነገጡም። እንዲያውም የደከሙልኝን ነገር ሳላውቅላቸው የቀረሁ መስሏቸው ቅር አላቸው።

«የአንቺንማ መድኃኒቱን ደግሜበታለሁ» አሉኝ። «ያንቺ አገር ይሞቃል፣ ሙቀት ነቀዝ ያፈላል። ልጅቱ ነቀዝ ያበነነውን እንድትበላ ነው?»

ስለሚወዱን ያደረጉት ነው፤ ታዲያ ማንን ልቆጣ?

«አባባ፣ ገንፎዋ እኮ ከዚያ ጆንያ ነው» አልኳቸው። «እርስዎን እንደዚያ የሚያንቀጠቅጥዎት ነገር እሷን ምን ያደርጋታል?»

ለራሳቸው ስንት ዓመት ያላመኑትን ነገር ያን ለት አመኑ ማለት አልችልም። ብቻ በልጅቱ ሊሞክሩት አልፈለጉም። በመጨረሻ «እንግዲያው ነቀዝ ይብላው» ብለው ተነሡ።

በላውም። በተከታዩ ዓመት ዱቄት የሚባል አልነኩም። አመድ ነሰነሱበት፣ ጎተራውን በጭስ አጠኑት፣ ነቀዝ መግቢያ እንዲያጣ በቆሎውን ከጤፍ ቀላቅለው አስቀመጡት። ምንም ያህል አላቆየላቸውም። ግንቦት ላይ ስንከፍተው ከላይ ያለው በቆሎ ቀዳዳ ብቻ ነው፣ ሲዘግኑት ይበንናል። ጎረቤቱ «ሴት ልጁ አሞኘችው» አለ፤ ወንድሜም ፊቱን አጠቆረብኝ። በዚያ ጥር ግን አባቴ አላላባቸውም፣ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም፣ ኮሶም አላሰኛቸው። ደስ ብሎኝ ነበር። ነቀዝ በጨረሰው ጎተራ ፊት ቆሞ ደስ ማለቱ ግን ያሳፍራል።

ሰኔ ሲገባ አባቴ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ሊሸምቱ ፍኖተ ሰላም መጡ። ቡሬማ ሰው ያያቸዋል። ልጄን አዝዬ አብሬያቸው እህል ተራ ወጣሁ። አንዱ ነጋዴ ዘንድ ቆመው እጃቸውን ጆንያው ውስጥ ሰደዱና አውጥተው አሸተቱት። ወደሚቀጥለው ሄዱ፣ እዚያም አሸተቱ። ተራውን ዳር እስከ ዳር እንዲህ ዞርነው። መጨረሻ ላይ ያለውን ነጋዴ መድኃኒት ያልነካው እንዳለው ጠየቁት።

«አባቴ፣ እስከ ሰኔ የቆየ እህል ያለ መድኃኒት ከየት ይመጣል?» አላቸው። ሰውየው አላሾፈም፣ እውነቱን ነበር።

አባቴ መዳፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ጀርባዬ ላይ የተኛችውን ልጅ ዞር ብለው አዩዋት።

«እኔስ ግዴለም፣ በልቼ ጨርሻለሁ» አሉኝ። «ለእሷ ከየት እናምጣላት?»

ነጋዴውን መዝንልን አልኩት።