እንደ ልጅ

የጎሬው ቡና ነጋዴ አቶ ወንድይራድ ባርነትን አጥብቀው ይጠሉ ነበር። የማኅበር ዕለት ጠበል ጻዲቁ ሳይቀመስ ስለ ነጻነት ይጀምራሉ፤ ሰው የሸጠ ነፍሱንም ሸጧል ይላሉ፤ እኛም ዳቦው እየደረቀ እናዳምጣለን። ጠላ የምትቀዳልን ምንዳዬ ናት። ምንዳዬ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሮማነወርቅ በውርስ የደረሰች ባሪያ ነበረች። በዚያ ቤት ግን እንዲህ የሚል የለም፤ «እንደ ልጃችን ናት» ነው የሚባለው። ጠላው ጥሩ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከአቶ ወንድይራድ ጋር መቱ ገበያ ሳለን፣ ደርበው የሚባል የጎሬ ነጋዴ አንዲት ልጅ እየጎተተ ሲያልፍ አዩ። ሰው መሸጥ በአዋጅ ከተከለከለ ቆይቷል።

«በሕግ አምላክ!» ብለው ጮኹ።

እንዲህ የተባለ ሰው አንድ እርምጃ አይራመድም። እንደ ደንቡ የሁለቱ ኩታ ጫፍ ለጫፍ ተቋጠረ፤ እንደ ሙሽሮች ተያይዘው ዳኛ ፊት ቀረቡ።

«እንደ ልጄ ናት፤ ጥሩነሽ ትባላለች» አለ ደርበው።

ዳኛው ልጅቱን በኦሮምኛ ስሟን ጠየቋት። «ጫልቱ» አለች።

አቶ ወንድይራድ ደስታቸው ወሰን አጣ። «ልጁን "እንደ ልጄ" የሚል አባት አለ? ስሟንስ የሚነጥቅ?» ገበያተኛው አጨበጨበ።

ደርበው ጭብጨባው እስኪያበቃ ጠበቀ። «እርስዎ ቤት ያለችው ምንዳዬስ?»

«እሷማ እንደ…» አሉና አቆሙ።

«ይጨርሱት እንጂ» አሉ ዳኛው። «ይህ ቃል ለእርስዎ ከሠራ ለእሱም ይሠራል። ልጅቱን ይዞ ይሄዳል።»

ጫልቱ ቋጠሮውን ታያለች። አቶ ወንድይራድ ላብ በላብ ሆኑ፤ ወይዘሮ ሮማነወርቅን አስበው መሰለኝ።

«ባሪያዬ ናት» አሉ በመጨረሻ። «ከዛሬ ጀምሮ ነጻ ትሁን።»

ማንም አላጨበጨበም። ጫልቱ ለዘመዶቿ እንድትመለስ ተፈረደ። ያን ቀን አቶ ወንድይራድን ከልቤ ወደድኳቸው።

ጎሬ ስንደርስ ምንዳዬ ጓዳ ጌሾ ትወቅጥ ነበር። የሆነውን ነገሯት። ወይዘሮ ሮማነወርቅ «እንደ ልጃችን አሳድገን!» ብለው አለቀሱ። ምንዳዬ ዘነዘናውን አስቀምጣ እጇን ታጠበች።

አቶ ወንድይራድን የጫልቱ የስም ነገር ሳይከነክናቸው አልቀረም። «ለመሆኑ እናትሽ ያወጣችልሽ ስም ማን ነበር?» አሏት።

«ነጻ ነሽ አሉኝ አይደል?»

«አዎን።»

«እንግዲያው አልነግርዎትም» ብላ ወጣች።