በቀትር የሚለካ ሸራ

ጋሽ ቀትር የሚለውን ስም እናት አባቱ አላወጡለትም፤ ሰፈሩ ነው ያወጣለት። ሌላው ሠራተኛ ምሳውን አንጠልጥሎ ጥላ ፍለጋ በሚሮጥበት ሰዓት እሱ ሲሚንቶ በተለሰነው ግቢው መሀል ነጭ ሸራ ዘርግቶ፣ ጠመኔ ይዞ፣ ተንበርክኮ ይታያል። ሥራው የሸራ ጥላ መስፋት ነው። የዳቦ ቤቱ ደጃፍ፣ የጫማ መደብሩ መስኮት፣ የአውቶቡስ መጠበቂያው፣ የሕፃናቱ መጫወቻ፣ ብቻ በዚያ ከተማ ፀሐይ ሸሽቶ የቆመ ሰው ሁሉ የቆመው በእሱ ስፌት ሥር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህን ሁሉ ሕዝብ ያስጠለለ ሰው፣ አርባ ዓመት ሙሉ ራሱን ያስጠለለበት አንድ ቀን አልነበረም።

ማንም አላስገደደውም። ሥራውን ያስተማረው አጎቱ፣ ሸራ ሲበርደው ይኮማተራል፣ ሲሞቀው ይለቃል፤ መለካት ያለበት በደንብ በሞቀበት ሰዓት ነው ብሎታል። ቤት ውስጥ ተለክቶ የተቆረጠ ሸራ ፀሐይ ሲመታው ይረግባል፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ውኃ ያቁራል። ስለዚህ በቀትር ይለካል። ባርኔጣ አይታሰብም፤ ጠርዙ በጠመኔው መስመር ላይ ጥላ ስለሚጥል መቀስ ያስታል። ጥቁር መነጽርም መስመሩን ያደበዝዛል። ጋሽ ቀትር ይህን እንደ ሃይማኖት ያዘው። ከዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ የሚለካ ሸራ ሰፊ ሲያይ አንጀቱ ያርራል። "የሱ ሸራ በሳምንቱ እንደ አሮጌ ላም ጡት ተንጠልጥሎ ታየዋለህ" ይላል፣ ሰሚ ባገኘ ቁጥር።

ሚስቱ በሕይወት ሳለች "ለአገር ምድሩ ጥላ ትሰፋለህ፣ ለራስህ አንድ ቆብ አጣህ?" ትለው ነበር። "አንቺ ድስትሽን ጠብቂ፣ እኔ ሸራዬን" ይላታል። ሁለት ሦስቴ ሞከረችና ተወችው። በዚያ ቤት ዝም ማለት የተጀመረው ያኔ ነው።

ያለችው አንድ ልጅ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ወደ ግቢው አስገባት። በመጀመሪያው ቀን ሰፋ ያለ ባርኔጣ አድርጋ ብትመጣ፣ ከራሷ ላይ አንስቶ አጥሩ ላይ ሰቀለው። "ሽርሽር አይደለም የመጣሽው" አላት። ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያ ባርኔጣ የሚባል አላነሳችም። አሁን ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ እጇ ከእሱ እጅ ይፈጥናል። ከአባቷ ትይዩ ተንበርክካ ስትለካ ፀሐዩ ከላይ አናቷን ይመታታል፣ ከነጩ ሸራ ደግሞ ተመልሶ ከታች ዓይኗ ውስጥ ይገባል። ዓይኗን ሳታሽ መስመሯን ስትጨርስ ያያትና ደረቱ በኩራት ይሞላል።

የእሱ ግራ ዓይን ከቀላ ቆይቷል። ነጩ ላይ ትንሽ ሥጋ በቀለ፤ አቧራ ነው አለ። ዓመት አልፎ ሥጋው ወደ ጥቁሩ ሲገፋ፣ ድካም ነው አለ። ብዥታው ሲብስበት በልጁ ጉትጎታ ሐኪም ቤት ሄደ። ታካሚዎች የሚጠብቁበት ግቢ ላይ የተወጠረው ጥላ የራሱ ሥራ ነበር። ተራው እስኪደርስ በደህናው ዓይኑ ስፌቱን ሲመረምር ቆየ፤ አንድ ቦታ እንኳን አልረገበም።

ሐኪሟ ዓይኑን ደጋግማ ካየች በኋላ "አባቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?" አለችው።

"ጥላ እሰፋለሁ።"

"ጥላ እየሰፉ ይሄን ሁሉ ፀሐይ ከየት አገኙት?"

ነገራት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አዳመጠችው። ሥጋው ካንሰር እንደሆነ፣ ወደ ውስጥ እንደገባና ዓይኑን ከማውጣት ሌላ መንገድ እንደሌለ ቀስ ብላ አስረዳችው። "ባርኔጣና መነጽር አድርገው ቢሆን ኖሮ ምናልባት..." ብላ ጀመረችና ተወችው።

ዓይኑ ወጣ፤ ኩራቱ ግን አብሮ አልወጣም። ሊጠይቀው ለመጣ ሰው ሁሉ "ወታደርን ጥይት ይበላዋል፣ እኔን ሥራዬ በላኝ" እያለ ይናገር ነበር። ለሥራው ሲል የከፈለው ነገር ነበርና እያመመውም ቢሆን ቻለው።

ከሁለት ወር በኋላ ሸራ ሊያዝዝ ወደ ሸራ ነጋዴው ሱቅ ሄደ። ነጋዴው ለአንድ አዲስ ገዢ ጥቅል እየዘረጋ ነበር። "ይሄ የፕላስቲክ ክር ነው፤ ሞቀም በረደም ንቅንቅ አይልም። ከፈለግህ ሳሎንህ ውስጥ ለክተህ ቁረጠው" ይለዋል። ጋሽ ቀትር በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ገዢው እስኪወጣ ጠብቆ ገባ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?"

"የጥጡ ሸራ ከቀረ ጀምሮ ነዋ ጋሼ። አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

ነጋዴው አንገቱን አከከ። "እኔ ለእርስዎ ስለ ሸራ ላስተምር? ድፍረት እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው።"

አዲሱ ሸራ ሲመጣ መንሸራተቱን አይቶ መራገሙ ትዝ አለው፤ ከመራገም አልፎ የጠየቀው ነገር ግን አልነበረም። ቤቱ ገብቶ ልክ አንድ ሜትር ቁራጭ ቆረጠ። በማለዳው ብርድ ለካው፤ በቀትር ግቢው ላይ አስጥቶ ለካው። የክር ያህል እንኳን ልዩነት አልነበረውም። ልጁ ወደ ሥራው የገባችው ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ለአንዲት ቀን እንኳን ፀሐይ ላይ መንበርከክ አላስፈለጋትም ነበር።

በዚያው ሰሞን ነው ልጁ የቀኝ ዓይኗን በእጅጌዋ ስታሽ ያያት። የዚያኑ ቀን ሊነግራት ይገባ ነበር፤ አልነገራትም። ከነገራት ዓይኑ በከንቱ እንደጠፋ መናገሩ ነው፤ የሥራ ቁስል ብሎ ያኮራው ነገር የሞኝነት ቁስል ሊሆን ነው። ነገ እነግራታለሁ እያለ ዘጠኝ ቀን አለፈ። ለስሙ ሲል ልጁን ዘጠኝ ቀን እንደ እህል ፀሐይ ላይ አሰጣት።

በአሥረኛው ቀን፣ ሸራውን ዘርግታ ልትንበረከክ ስትል ደረሰባት።

"እጠፊው። እቃ ቤት እናስገባውና እዚያ እንለካዋለን።"

ቀና ብላ አየችው። "ምነው አባዬ፣ አመመህ?"

ነጋዴው ያለውን፣ ራሱ ለክቶ ያየውን፣ ዘጠኝ ቀን ዝም ማለቱን ሳይቀር ነገራት። ጠመኔውን በጣቶቿ መሀል እያሽከረከረች እስከ መጨረሻው ሰማችው።

"አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"ሸራው እንደማይለቅ። የዛሬ ስድስት ዓመት ጉንፋን ይዞህ ተኝተህ የመድኃኒት ቤቱን ጥላ ብቻዬን ሠራሁ አይደል? ቀኑን ሙሉ ይዘንብ ነበር። እቃ ቤት ውስጥ ለክቼ ነው የቆረጥኩት። ሲሻልህ ሄደህ አየኸውና፣ በቀትር የተለካ ሸራ እንዲህ ነው እያልክ መንገደኛውን ሁሉ እያስቆምክ አሳየኸው።"

ትዝ አለው። የመድኃኒት ቤቱን ባለቤት ሳይቀር እጁን ይዞ ወደ ውጭ አውጥቶት ነበር።

"ስድስት ዓመት ሙሉ እያወቅሽ ነው እዚህ ከኔ ጋር የምትንበረከኪው?"

"ምን ላድርግ? ያን ቀን እንዴት ደስ እንዳለህ አይቻለሁ። ደግሞስ ብነግርህ ታምነኝ ነበር?"

አዎ ሊላት አሰበ። ሊዋሻት ግን አፉ እሺ አላለውም።

"አላምንሽም ነበር" አላት። "ከዚህ ግቢ አስወጣሽ ነበር።"

ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣው ይሻለው ነበር። ጠጋ ብሎ አገጯን ያዘና ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞረ። በቀኝ ዓይኗ ነጭ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል ሥጋ በቅላለች፤ ጫፏ ጥቁሩን ነክቷል።

"ለሐኪሟ አሳይተሻታል?"

"አሳይቻታለሁ። ከቆረጠችው አምስት ወሩ ነው፤ ተመልሶ በቀለ። ለማክሰኞ ቀጥራኛለች።"

ለምን እንዳልነገረችው አልጠየቃትም።