ባለሃምሳው

መምህር ላዲፖ ሌጎስ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ያተረፉት አንድ የግድግዳ ሰዓትና ወር እየዘለለ የሚመጣ ጡረታ ነው። ትምህርት ቤቱን ከለቀቁ ወዲህ ደግሞ አንቱ ብሎ የሚያማክራቸው ሰው ጠፋ። ይሄ ከጡረታው መዘግየት በላይ ያንገበግባቸው ነበር።

የአክሲዮን ነገር የመጣው በዚህ መሃል ነው። ያኔ ከተማው አብዶ ነበር። ፓስተሩም፣ ፀጉር አስተካካዩም፣ አውቶቡስ ላይ ሂሳብ የሚቀበለውም የባንክ አክሲዮን ገዝቻለሁ ይላል። መምህር ላዲፖም ከትምህርት ቤቱ ሲሰናበቱ የተሰጣቸውን፣ ሚስታቸው ሞሮንኬ ደግሞ ከጨርቅ ንግዷ ያጠራቀመችውን አንድ ላይ አድርገው የአንድ ባንክ አክሲዮን በአሥራ አራት ናይራ ገዙ። ሞሮንኬ ገንዘቧን ስትሰጥ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። የሱቋ ኪራይ ሚያዝያ ላይ ይታደሳል፣ ባለቤቱ የሁለት ዓመቱን ባንዴ ነው የሚቀበለው፣ ያኔ ድርሻዋ ይውጣላት። መምህሩ ያላንዳች ማንገራገር እሺ አሉ።

ሞሮንኬ ባሎጉን ገበያ የድግስ ጨርቅ ትሸጣለች። ሰርግም ሆነ ቀብር ቤተዘመዱ አንድ ዓይነት ጨርቅ ነው የሚለብሰው። ድግሱ ካለፈ በኋላ የተረፈውን ጣቃ የሚፈልገው የለም፤ የሌላ ቤተሰብ ሰርግ ልብስ ለብሶ የሚወጣ ማን አለ? ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ለትራስ ሰፊዎች በግማሽ ዋጋ ትለቀውና በተገኘችው ገንዘብ ሌላ ጨርቅ ትይዛለች። አታለቅስበትም፣ በስንት እንደገዛችውም አታወራም። ባሏ ይሄን የመሃይም ንግድ ይሉት ነበር። ከዚያ ቤት መገበያየት የምታውቀው እሷ ብቻ እንደነበረች ግን ለመናገር እኔ አላፍርም።

የአክሲዮን ደላላው ቢሮ ውስጥ ዋጋ የሚያሳይ ትልቅ ስክሪን የተሰቀለበት አዳራሽ አለ። ጡረተኞች ከጠዋት ጀምሮ የፕላስቲክ ወንበር ይዘው ይቀመጣሉ። መምህር ላዲፖ እዚያ እንደገና ሰው ሆኑ። ዋጋው ሃያ ሲገባ አዲስ ኮፍያ ገዙ፤ ሠላሳ ሲገባ ለአዳራሹ ሁሉ ቀዝቃዛ ማልታ አስመጡ። አርባ አራት የደረሰ ቀን ከወንበራቸው ተነስተው፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ቀስረው፣ ሃምሳ ሳይሞላ አንዲት አክሲዮን አልሸጥም፣ ከዚያ በፊት የሚሸጥ ልጅ ነው አሉ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው ባለሃምሳው ሆነ። በር ላይ ብቅ ሲሉ ባለሃምሳው መጣ ይባላል፤ ወንበር ይለቀቅላቸዋል። እሳቸውም ባንኩን ያስተዳደሩት ይመስል ደረታቸውን ነፍተው ይገባሉ።

ዋጋው አርባ ስምንት ከስልሳ ደረሰና ቆመ። ከዚያ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። ሚያዝያ ሲገባ ሞሮንኬ የኪራዩን ነገር አነሳች። የሱቁ ባለቤት እስከ ዓርብ ብሏል፣ ሱቁን የሚፈልግ ሌላ ሰውም በር ላይ ቆሟል። መምህሩም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማክሰኞ ዕለት ሊሸጡ ቆርጠው ነው ከቤት የወጡት።

ደላላው ቢሮ የምትሠራ አዳኦራ የምትባል ወጣት ነበረች። የሽያጩን ቅጽ ሰጠቻቸው፣ ስማቸውን ጽፈው ጨረሱ።

«አባባ፣ ዛሬ ገዢ አለ። በአርባ ስድስት ሁሉንም ይወስዳል» አለቻቸው። «ነገ ስለመኖሩ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ አዳራሹ ግን ጠባብ ነው። ከኋላ ያለው ሰውዬ ሳቀ።

«ኧረ ስሙልኝ! ባለሃምሳው በአርባ ስድስት ሊሸጥ ነው!»

«ተዉት፣ ሚስቱ ልካው ይሆናል» አለ ሌላው።

ሳቁ ወንበር ለወንበር ዞረ። መምህር ላዲፖ ጆሯቸው ድረስ ጋሉ። እስክሪብቶው እጃቸው ላይ ነው፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። ልጅቷም በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ነገ የሚሆነውን እኔ አውቅልሃለሁ ያለቻቸው መሰላቸው። ቅጹን ለሁለት ቀደዱት።

«ልጄ፣ እኔ አንቺ ሳትወለጂ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ገበያው ደክሞት ነው፤ አረፍ ብሎ ይነሳል» አሉ። አዳራሹም አጨበጨበላቸው።

ቤት ሲገቡ ሞሮንኬ ተሸጠ ወይ ብላ ጠየቀች። ገዢ የለም አሉ። ጫማቸውን እየፈቱ ስለነበር ፊቷን አላዩም።

ከረቡዕ ጀምሮ ውሸታቸው እውነት ሆነ። ዋጋው በቀን የሚፈቀድለትን አምስት አምስት በመቶ እየወረደ ሄደ፤ ሻጩ ብዙ፣ ገዢ ግን አንድም የለም። ሊያምኑኝ ላይፈልጉ የሚችሉ አሉ፣ መምህሩ ግን በዚህ ተጽናኑ። ይኸው፣ ገዢ የለም ብዬሽ አልነበር እያሉ ጋዜጣ ያሳዩአት ነበር። ሱቁ ዓርብ ዕለት ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሞሮንኬ ሃያ ሁለት ዓመት የነገደችበትን መደርደሪያ ነቅላ፣ ጨርቋን በራሷ ተሸክማ ድልድይ ሥር ዣንጥላ ዘረጋች። ዝናብ ሲመጣ ጣቃውን በላስቲክ ትሸፍናለች፤ ለራሷ የሚተርፍ ላስቲክ የለም።

እህቶቿ ባሏን አንድ በአንድ ሲያሙት ቱግ ትል ነበር። ገዢ ሳይኖር ምን ያድርግ፣ ገበያ ነው የጎዳን፣ ባሌን ተዉልኝ ትላቸዋለች። ከታናሺቱ ጋር በዚሁ ተኳርፈው ገናን ለየብቻ ዋሉ።

ዋጋው ሦስት ናይራ በገባበት ሰሞን፣ ከሥራ የተቀነሰችው አዳኦራ ለእህቷ ሰርግ ጨርቅ ፍለጋ ድልድዩ ሥር መጣች። ሞሮንኬን አንዴ ቢሮ አይታት ስለነበር አወቀቻት። ክፋት አልነበራትም። ያን ማክሰኞ ገዢው ቆሞ እየጠበቀ፣ አዳራሹ ሲስቅባቸው ቅጹን ቀደዱት፤ ጠበቅ አድርጌ ብለምናቸው ኖሮ ይፈርሙ ነበር፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል አለቻት። ሞሮንኬ ጨርቁን ለክታ ቆርጣ ሸጠችላት።

እሑድ ከቤተክርስቲያን መልስ፣ ኢባ የሚሉትን የካሳቫ ገንፎና የባምያ ወጥ አቅርባላቸው ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«የዴሌ አባት፣ ያን ማክሰኞ አዳራሹ ውስጥ ስንት ሰው ነበር?» አለቻቸው፣ እንደ ልማዷ በልጃቸው ስም ጠርታ።

የትኛው ማክሰኞ ብለው አልጠየቁም።

«ስድስት።»

«ስማቸውን ይንገሩኝ።»

መምህር ላዲፖ አሰቡ። አንዱን ኢንጂነር ነው የሚሉት። አንዱ አልሃጂ ነው። ከኋላ ሆኖ የሳቀው ሰውዬ ማን እንደሚባል ጠይቀውም አያውቁም። የአንዱን ስም ብቻ ተናገሩ፤ እሱም ከፋሲካ በፊት ሞቷል።

«ገንዘቡን ገበያ በላው ብዬ ትቼው ነበር» አለች ሞሮንኬ። «አሁንም ትቼዋለሁ። ስማቸውን እንኳ የማያውቋቸውን ሰዎች አፍረው እኔን ድልድይ ሥር ሲያስቀምጡኝ ግን፣ እኔ ደግሞ ለእርስዎ ስል ከእህቴ ጋር ተጣልቻለሁ።»

ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ወደ እህቷ ቤት ሄደች።