ብርቱካናማ መብራት ስር የተነሳው እንድሪስ

ሳዑዲ፣ ጂዛን ውስጥ ከምኖርበት ሕንፃ ሥር በቅርቡ አዲስ ፎቶ ቤት ተከፍቷል። መስኮቱ ላይ የቆሙት ሁለት ረጃጅም የኤልኢዲ መብራቶች፣ አንዱ ሐምራዊ፣ ሌላው ብርቱካናማ፣ ቀንም አይጠፉም። እኔ ዳቦ ልገዛ ስወጣ በጓሮው በር ዞሬ ነው የምሄደው። ፀጉሩ የሸበተ ሰው መብራት ሲሸሽ ቢታይ ያስቃል፤ እኔም አንዳንዴ በራሴ ለመሳቅ እሞክራለሁ።

ወጣት ሳለሁ አል-ዒዳቢ በምትባለው የተራራ ግርጌ ከተማ፣ የአንድ የመናዊ ፎቶ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራችን የመታወቂያ ፎቶ ነበር፤ ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ መብራት፣ ያልሳቀ ፊት። ኋላ ላይ አሠሪዬ፣ ሙዓሊም የምለው የመናዊ፣ ቀለማቸው የሚቀያየር ሁለት የኤልኢዲ መብራቶች ከጅዳ አስመጣ። እንደ ፍላሽ ብልጭ ብለው አይጠፉም፤ ሳያቋርጡ ስለሚበሩ ጥላው ፊት ላይ የት እንደሚያርፍ ከማንሳቴ በፊት አየዋለሁ። ከኋላ ጥቁር መጋረጃ፣ ከአንድ ወገን ሰማያዊ፣ ከሌላው ብርቱካናማ አድርጌ፣ ፍየል ሲጠብቅ የከረመውን የወሎ ልጅ የፊልም ተዋናይ አስመስለው ነበር። በእጄ እኮራ ነበር፤ መዋሸት አልፈልግም።

እንድሪስ የመጣው በማንጎ ወራት፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው። ከተማው በበሰለ ማንጎ ይሸታል፤ ትኩስ ነፋስ አቧራውን ያለብሰናል። እንድሪስ የአገሬ ልጅ ነው፤ በየመን በኩል አብረን ነው የገባነው። እኔ ከተማ ቀረሁ፣ እሱ ወረቀት የሌለው እረኛ ሆኖ ተራራ ወጣ። ሻይና ትኩስ ኹብዝ ሳቀርብለት ከዳቦው ትንሽ ቆርሶ ያዘና መልሶ አስቀመጠው። ያኔ ምን ሆነሃል ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።

ጉዳዩን ነገረኝ። ታሟል የሚል ወሬ አገር ቤት ደርሷል፤ ታላቅ ወንድሙ አህመድም ደውሎ ፎቶ ላክ ብሎታል። ደህና ከሆነ ይቆይ፤ ከታመመ ግን ለፖሊስ እጁን ሰጥቶ ወደ አገሩ ይመለስ ማለቱ ነው። እንድሪስ መመለስ አልፈለገም። ለእናቱ የጀመረው ቤት ገና ቆርቆሮ አልለበሰም፤ ድካሙንም የሙቀት ነው ይል ነበር።

መጀመሪያ በነጭ መብራት አነሳሁት። ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ ስናየው የዓይኑ ነጩ ቢጫ ሆኗል። እኛ አገር ማንም ገበሬ አንዴ አይቶ የወፍ በሽታ ነው የሚለው ዓይነት ቢጫ። እንድሪስ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

«ሙሄ፣ ዓይኔ እንዲህ ነው እንዴ?»

«መብራቱ ነው» አልኩት። «ኸላስ፣ በቃ፣ አስተካክለዋለሁ።»

ከልቤ ነው ያልኩት። እኔ የታየኝ የቀለም ችግር ነበር፤ ሰውየው አልታየኝም። ብርቱካናማውን ወደ ፊቱ አቀረብኩ፣ ሰማያዊውን ወደ ጆሮው አዞርኩ። በብርቱካናማ ብርሃን ቢጫና ነጭ አይለዩም። የጎደጎደው ጉንጩ እንኳ አማረበት። ሙዓሊሙ ከወንበሩ ተነስቶ አየና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከሠራኋቸው ፎቶዎች ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፤ የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።

ይኸኛውን ለአህመድ ላክንለት፤ ሱቁን ሳንዘጋ የድምፅ መልእክቱ መጣ። እየሳቀ ነበር። «አልሐምዱሊላህ፣ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚያወራው። አምሮብሃል፤ እስከ ዓረፋ እዚያው ቆይ።» እንድሪስ ደስ ብሎት ጉንጬን ሳመኝና ወደ ተራራው ተመለሰ።

ለዓረፋ አልደረሰም። ጓደኞቹ በአሠሪው ፒክአፕ አውርደው ሆስፒታል ሲያደርሱት ራሱን አያውቅም ነበር። ሐኪሙ ጉበቱ ነው፣ ቆይቶበታል አለን። እዚያው ቀበርነው። ቀደም ብሎ ቢመለስ ይድን ነበር ወይ? አላውቅም። ቢያንስ በእናቱ እጅ ይታመም ነበር።

አህመድ እስከ ዛሬ በየበዓሉ ይደውልልኛል። ያንን ፎቶ አሳድጎ ግድግዳ ላይ እንደሰቀለው እየነገረኝ ይመርቀኛል፤ እኔም አሜን እያልኩ አንገቴን እደፋለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን እናቱ በጣም እንደደከሙ ነገረኝ። ልጄ ጠይም ነበር፣ ይህን ቀለም አንሱልኝ ይላሉ አሉ። እንዲህ ያለው ቀለም ከፎቶ አይወጣም፤ ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ። አህመድም ሌላ ፎቶ የለህም ወይ ሲል ጠየቀኝ።

የለኝም አልኩት። በነጭ መብራት ያነሳሁት ግን ከስልክ ወደ ስልክ እየተገለበጠ እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር ነው። እናቱ የሚፈልጉት እሱን ነው። አህመድ ደግሞ ያንን ዓይን ባየ ጊዜ እኔ የዚያን ዕለት ምን እንዳየሁ ያውቃል። ይህን ፈርቼ እስካሁን አልላክሁም።