የተዋሱት ሶፋ

ጋሽ ወንድይፍራው ኩራት እራታቸው ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የትምህርት ቤት በር ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ ወጡ። ጡረታዋ ወር ሳይጋመስ እልም ትላለች። እሳቸው ግን ከአየር ጤና ወረድ ብላ ባለችው አንድ ክፍል የቀበሌ ቤታቸው በር ላይ ቆመው፣ «ምሳ ይብሉ» ላላቸው ሁሉ «በልቼ ነው» ይላሉ። ፍስኩን ሁሉ ጾም ያደርጉታል እንጂ የሰው ደጅ አይረግጡም።

ዘንድሮ ያች ቤት ለልማት ልትፈርስ ነው ተባለ። ምትክ ቤት ተራው እስኪደርስ ተከራይተው ይቆዩ አሏቸው። በምናቸው? ደግነቱ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ጡረተኞች የቤት መቀየሪያ ድጋፍ መጣ፤ የዕቃ ማጓጓዣና የአንድ ዓመት ኪራይ። እሱ ከቀረ መግቢያቸው አስኮ፣ የእህታቸው ልጅ አልማዜ ቤት ነው። እሷም አምስት ልጆቿን ይዛ አንድ ክፍል ውስጥ ነው የምትኖረው። ጋሽ ወንድይፍራው ሞት አያስፈራቸውም። የሰው ፊት ግን እሳት ነው፤ እሱን ነው የፈሩት።

«ማክሰኞ ኮሚቴ ቤትዎን ሊያይ ይመጣል» ሲባሉ ታዲያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ጎረቤታቸውን ወይዘሮ ዋጋነሽን ጠሩ።

«እባክሽ ያን ሶፋሽን ለአንድ ቀን አውሺኝ። እንግዳ መደብ ላይ አስቀምጬ ገመናዬን ላውጣ?»

ዋጋነሽ ደግ ናት። ሶፋውን፣ ምንጣፉን፣ ይባስ ብላ ቴሌቪዥኑን ከባሏ ጋር ተሸክማ አመጣችላቸው። እሳቸውም የበዓል ኮታቸውን ለበሱና በሩ ላይ ጠበቁ። አይ ጋሽዬ!

የወረዳዋ ሠራተኛ ርሆቦት ከሁለት ሰዎች ጋር መጥታ ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ኑሮ እንዴት ነው? ይቸገራሉ?»

«ተመስገን ነው ልጄ! ምን ጎድሎብኝ!»

ሌላ ምን ይበሉ? በማያውቁት ሰው ፊት «አጣሁ» ማለት ማን አስተምሯቸው። ልጅቷ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አይታ ጻፈች። ይፈርሙ አለቻቸው፤ ፈረሙ። እስከ መንገዱ ሸኟት።

ዝርዝሩ ሲለጠፍ ስማቸው የለበትም። ከዘራቸውን ይዘው ወረዳ ገቡ።

«ልጄ፣ ሶፋው እኮ የሰው ነው! ቴሌቪዥኑም የሰው ነው!»

ርሆቦት ደነገጠች። «ምነው ያን ዕለት ቢነግሩኝ አባባ? ምንም አልጎደለብኝም ብለው ፈርመዋል እኮ። ድጋፉ ተከፋፍሎ አልቋል።»

«ብነግርሽ ኖሮስ?»

አንገቷን ደፋች። «ከዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ይሆኑ ነበር።»

የሰፈሩ ቤት ሁሉ የሚፈርስበት ቀን ደረሰ። ዋጋነሽ ሶፋዋን መኪና ላይ ስታስጭን «እኔው ነኝ ያጠፋሁዎት» እያለች አለቀሰች። የጋሽ ወንድይፍራው ቤት ባዶውን ቀርቷል፤ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሳጥን። ያኔ እንዲህ ቢያዩት ኖሮ! አሁን ግን የሚያይ ኮሚቴ የለም። ፍራሹን በጋሪ አስጭነው ወደ አስኮ ሄዱ።

አልማዜ ልጆቿን አጠጋግታ በሩ ሥር ቦታ ለቀቀችላቸው። ሲመሽ የቀረችውን እንጀራ ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ እራት ላቅርብ?»

ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። አምስቱን ልጆች አዩ፤ እንጀራውን አዩ።

«በልቼ ነው የመጣሁት» አሉ።

አልማዜም አመነቻቸው።